ለአሮጌ ሞተር ምን ይጨመርለት?

(ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሐረር ላይ ለፔጆ 404 መኪና ባለቤቶች፣ ለሾፌሮችና ለአውቶ መካኒክ ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከተቀዳው ላይ ስገለብጠው ብዙም አልነካካሁትም።)

አሰላሙ አለይኩም። አከም ኦልተን። እንደምን ዋላችሁ የሐረር ሰዎች። ከድሬ አብራችሁኝ የወጣችሁ ጓደኞቼም እንኳን ደኅና ገባችሁ።

ዛሬ ጠዋት ከድሬ ወደዚህ የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ከፊታችን አንዲት ፔጆ 404 ነበረች። ሰማያዊና ነጭ። ውስጧ ሰው ሞልቷል፣ ጣራዋ ላይ ጆንያ ተከምሯል። አልጨሰችም። አላቃሰተችም። ሾፌራችን ሊቀድማት ሲል "ተዋት፣ ከኋላዋ ሂድ" አልኩት። ድምፅዋን መስማት ፈልጌ ነው። ልብስ ሰፊ ስፌት መኪናው ሲታመም በጆሮው እንደሚያውቀው፣ እኔም የዚህን ሞተር ድምፅ ከ30 ዓመት በላይ ሰምቼዋለሁ። ያቺ መኪና ደኅና ነበረች። የሠራት ሰው እዚህ ካለ፣ እጁ ይባረክ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ዘንድሮ ሞተሩን ሊያወርድ የተዘጋጀ ስንት ሰው አለ? እጃችሁን አንሡ። አንድ፣ ሁለት... ሰባት። ጥሩ። ለእናንተ ለሰባታችሁ ነው የመጣሁት።

ሰባት ደግሞ ለ404 ደግ ቁጥር ነው። ለምን በሉኝ። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን የምታውቁ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1963 ያንን ውድድር የጨረሱት ሰባት መኪኖች ብቻ ነበሩ። በ1968ም እንደገና ሰባት ብቻ። ሁለቱንም ጊዜ አንደኛ የወጣችው ማን ናት? 404። መሐል ላይ በ1966ም በ1967ም አሸንፋለች። ሁለቱን ኒክ ኖዊኪ፣ ሁለቱን በርት ሻንክላንድ ነዱ። አራት ድል። ወጣቶች "ስፖርት መኪና" ሲባል ፌራሪና ፖርሽ ብቻ ይመስላችኋል። አያቶቻችሁን ሠርግ ያደረሰችው ይቺ መኪና በአፍሪካ ጭቃ ላይ ስሟን የጻፈች የውድድር መኪና ናት። በአክብሮት ያዙልኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሞተር ሲወርድ ሁላችንም አንድ ፈተና ይመጣብናል። "ከተከፈተ አይቀር ትንሽ እናሻሽለው።" ከተከፈተ አይቀር! ስንት ሞተር በዚህ ቃል ሞተ?

ማሻሻል ክፉ ነው አላልኩም። እኔም አሻሽላለሁ። ግን የምመራበት አንድ ነገር አለኝ፣ ዛሬ የማወራውም እሱን ነው። ፋብሪካው በዘመኑ ያልነበረውን ነገር ጨምሩ። ፋብሪካው እያወቀ የተወውን ነገር ግን ከመጨመራችሁ በፊት፣ ለምን እንደተወው ጠይቁ። በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ማቀጣጠያ ያኔ የፔጆ መሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም። ሁለት ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ግን ነበረ። ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን፣ ማለት ሲሊንደሩ ውስጥ የገባውን አየርና ቤንዚን አብዝቶ ማመቅ፣ ነበረ። እያየው ተወው። ሰነፍ ስለነበረ ይመስላችኋል?

መጀመሪያ ስለ ቦታ ላውራ።

አባቴ ድሬ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ባቡሩ ድሬ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፣ ከተማዋም የተወለደችው ያኔ ነው። እኛም የብረት ሽታ እየሸተተን ነው ያደግነው። አባቴ አንድ ቁራጭ ብረት ሲያመጡለት መጠኑን ቀድሞ አይጠይቅም። "የት ነው የምትገባው?" ይላል። ወደ ጅቡቲ ለሚወርደው ነው ወይስ ወደ አዋሽ ለሚሄደው? እኔ ልጅ ሆኜ ነገር የሚያጓትት ይመስለኝ ነበር። ጋራዥ ከከፈትኩ በኋላ ነው የገባኝ።

የእናንተ ሞተር የት ነው የሚውለው? ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ናት። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለውን የአየር ግፊት መቶ ብንለው፣ ድሬ ላይ 87 ገደማ ይሆናል፣ እዚህ ሐረር 80 ገደማ። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፣ አየርም ይበላል። 72 ፈረስ ጉልበት ተብላ የተሠራች 404 እዚህ ስትወጣ 58 ገደማ ይቀራታል። ምንም ሳይበላሽ!

ታዲያ ሰው ይመጣል። "ጉልበት አጣች፣ የሆነ ነገር ጨምርላት" ይለኛል። ካንዴላዋን (እሳት የምትረጨውን) እፈታለሁ። ጥቁር ጥላሸት። ለሜዳ አገር የተመጠነ ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት የካርቡራተር ቀዳዳ) ነው ያለባት፣ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛባታል። ጂግለሯን በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ዝቅ ማድረግ፣ ያ ነው መድኃኒቱ። ግን ተጠንቀቁ። መኪናዋ ወደ ድሬ የምትወርድ ከሆነ የምትመጥኑት ለድሬ ነው። ሁልጊዜ መኪናዋ ለምትውልበት ዝቅተኛ ቦታ። ሐረር ላይ አሳንሳችሁ ድሬ ሙቀት ውስጥ ብትለቋት፣ ቤንዚኑ ያንሳትና ቫልቭ ታቃጥላለች። እዚህ ትንሽ ብታጨስ ይሻላል።

ሁለተኛው ነገሬ ረጅም ነው፣ ታገሡኝ። ፋብሪካው ስላልነበረው ነገር ነው።

ከውሃ ልጀምር። የ404 ሞተር ካሚቻዎቹ፣ ማለት ፒስቶኑ የሚመላለስባቸው ቱቦዎች፣ እርጥብ የሚባሉት ናቸው። ተነቅለው ይወጣሉ፣ ውሃው በቀጥታ ጀርባቸውን ያጥባቸዋል። ይኼ ለእኛ ትልቅ ስጦታ ነው። ብሎኩን ሳትቦርሩ አራት ካሚቻ፣ አራት ፒስቶን ከነፋሻው (ከነቀለበቶቹ) ቀይራችሁ ሞተሩን ታድሱታላችሁ። አጋጣሚ ሆኖ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ሲሊንደሩ 84 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ ፒስቶኑ 73 ሚሊሜትር ይሄዳል። አስሉት። አንዱ ሲሊንደር 404 ሲሲ ተኩል ገደማ ይሆናል። አራቱ 1,618። ስሟ ከዚያ አልመጣም፣ ፔጆ ቁጥሩን በተራ ነው የሚሰጠው። ግን ተማሪዎች፣ እንዲህ ካስታወሳችሁት መቼም አትረሱትም።

ወደ ውሃው ልመለስ። የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ምን ይተዋል? ነጭ ድንጋይ። ያው ድንጋይ ሞተር ውስጥም ይጋገራል። አንድ ጊዜ ባለቤቱ ትልቅ ራዲያተር ሊያስገባላት ያመጣትን መኪና ከፈትኩ። ካሚቻዎቹን ሳወጣ ጀርባቸው ኖራ የተቀባ ነው የሚመስለው። በአራተኛው ሲሊንደር በኩል ውሃ የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም። በመሮ ፈልፍዬ፣ በሽቦ ጠርጌ፣ በአሲድ አጥቤ ገጠምኩት። ራዲያተሩን አልቀየርንም። መኪናዋ መሞቅ አቆመች።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማሻሻያ ምንድን ነው? ኩላንት። የተጣራ ውሃና ፀረ ዝገት ያለው ኩላንት። ቴስታታዋ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የምትከድነው) አሉሚኒየም ናት፣ የቧንቧ ውሃ ይበላታል። ደግሞ አስቡት። ሐረር ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። እናቶቻችን ሽሮ ሲሠሩ ያውቁታል፣ እኛ ሞተር ስንሠራ እንረሳዋለን። ኩላንቱና በደንብ የሚገጥም የራዲያተር ክዳን ያንን መፍያ ወደ ላይ ይገፉታል። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ይዛችሁ ደንገጎን አትውጡ። በአላህ፣ በእግዚአብሔር፣ አትውጡ።

ማራገቢያዋ ግን ሌላ ታሪክ ናት። ይኼኛውን ፋብሪካው ቀድሞ አስቦበታል። የ404 ማራገቢያ በኤሌክትሪክ ማግኔት ነው የምትያያዘው። ውሃው ሲሞቅ ትይዛለች፣ ሲቀዘቅዝ ትለቃለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ! እኛ ምን አደረግናት? ማግኔቱ ሲያስቸግር በቡሎን ጠፍረን ዕድሜ ልኳን እንድትዞር ፈረድንባት። ማራገቢያ ማዞር ጉልበት ይበላል። አዲስ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የነበረውን መልሱላት። ሽቦውን ተከታተሉ፣ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰውን ካርቦን ቀይሩ፣ የሙቀት ማብሪያውን ሞክሩ።

ማቀጣጠያ። ይኼን ጨምሩ፣ ያለ ጭንቀት ጨምሩ። ፑንቲና (ኤሌክትሪኩን እየከፈተ የሚዘጋው መነካኪያ) ይበላል፣ ክፍተቱ ይለወጣል፣ ሰዓቱ ይዛባል። ዲስትሪቡተሩ ውስጥ የምትገባ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይኼን ሁሉ ትገላግላችኋለች። ከውጭ አትታይም። ጠዋት በአንድ ጊዜ ታስነሣለች። አንድ ነገር ብቻ፣ ከቦቢናው (ኤሌክትሪኩን ከፍ ከሚያደርገው ጥቅል) ጋር የምትስማማ መሆኗን አረጋግጡ፣ አለዚያ ትቃጠላለች። የድሮውን ፑንቲናም ከነኮንደንሰሩ በላስቲክ ጠቅልላችሁ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጡ። ኤሌክትሮኒክስ ሲሞት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሞተው፣ ፑንቲናን ግን መንገድ ላይ በጥፍር ሞረድ ታድኑታላችሁ።

የቫልቭ መቀመጫ። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ትዝ የሚለው አለ? ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ላይ ከእሱ ወጣ። በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ነበረች፣ በ2021። ለልጆቻችን ደስ የሚል ዜና ነው። የእነዚህ ሞተሮች ቫልቮች ግን ያንን እርሳስ እንደ ትራስ ይጠቀሙበት ነበር። ቴስታታው ከወረደ መቀመጫዎቹን መርምሩ። ከተበሉ በጠንካራ ብረት አስቀይሩ። ይኼ ሥራ ቴስታታው ቶርኖ ቤት እያለ ትንሽ ነው፣ ከተገጠመ በኋላ ግን እንደገና ማውረድ ነው። የዘይት ማኅተሞችንና የቤንዚን ቱቦዎችንም ዛሬ በተሻለ ላስቲክ ታገኟቸዋላችሁ። ዘይት ስትገዙ ደግሞ ለአሮጌ ሞተር የሚሆን፣ ዚንክ ያልቀነሰ ፈልጉ። አዲስ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከገባ መጀመሪያ ሲነሣ ለ20 ደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ያዙት። በዝቅተኛ ዙር ሥራ ፈቶ እንዲንተከተክ አትተዉት።

አሁን የምወደውን ልንገራችሁ። ሚዛን።

ፋብሪካው በዘመኑ በሺህ የሚቆጠር ፒስቶን ያመርታል። ከ404 ብቻ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ መኪና ሠርቷል። እያንዳንዱን ፒስቶንና ቢዬላ (ፒስቶኑን ከዋናው ዘንግ የሚያያይዘውን ክንድ) በግራም የሚመዝን ጊዜ የለውም። እኛ ግን ጊዜ አለን። የዛሬ 15 ዓመት ገደማ እዚሁ ሐረር ሞተር እየሠራሁ ሚዛን አጣሁ። ጀጎል ውስጥ አንድ ወርቅ ሠሪ ዘንድ አራት ፒስቶንና አራት ቢዬላ በጨርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ። ሰውየው ጨርቁን ሲፈታ ዝም ብሎ አየኝ። "አቦ፣ ይኼ ወርቅ ነው እንዴ?" አለኝ። "ለኔ ወርቅ ነው አባቴ" አልኩት። መዘነልኝ። ሁለተኛውና አራተኛው ቢዬላ የ9 ግራም ልዩነት ነበራቸው። 9 ግራም! በደቂቃ 4,000 ጊዜ የሚሽከረከር ነገር ላይ። ከባዶቹን በሞረድ እየቀነስኩ፣ እየተመላለስኩ፣ ከቀላሉ ጋር አስተካከልኳቸው። ሰውየው ገንዘብ አልተቀበለኝም። ሞተሩ ሲነሣ ሻይ የሞላ ብርጭቆ ቴስታታው ክዳን ላይ ማስቀመጥ ይቻል ነበር።

ይኼ ማሻሻያ ምንም አልጨመረበትም፣ ከብረቱ ላይ ቀነሰ እንጂ። ግን ብሮንዚናው (የዘንጉ መሸከሚያ) ይኖራል፣ ኮሎው (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ይኖራል። በተለይ የመጀመሪያዎቹን 404ቶች የያዛችሁ ስሙኝ። የእናንተ ኮሎ በሦስት ቦታ ብቻ ነው የተደገፈው። የኋለኞቹ በአምስት ቦታ ናቸው። ሦስት ድጋፍ ላይ ያለ ኮሎ ሚዛን ይወዳል፣ ግልቢያ አይወድም።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ።

ጋራዥ በከፈትኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ ወጣት 404 አመጣልኝ። "እንድትበር አድርግልኝ" አለኝ። እኔም ወጣት ነበርኩ። ኮምፕሬሽኑ እንዲጨምር ቴስታታውን አስላጨሁት፣ ማለት የታች ፊቱን በማሽን አስቀነስኩት። ሁለት ካርቡራተር ገጠምኩ። ማርሚታውን (የጭስ ድምፅ ማፈኛውን) ከፈትኩት። ድሬ፣ ሳቢያን ሜዳ ላይ ስንሞክራት በረረች። ተቃቅፈን ጨፈርን።

በሳምንቱ እናቱንና እህቶቹን ጭኖ ወደ ሐረር ሠርግ ሲወጣ፣ ዳገቱ መሐል ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በብሎኩ መሐል ያለው ማሸጊያ) ተበላ። ውሃው ዘይት ውስጥ ገባ። ሲመሽ ነው የደረስኩላቸው። እናትየዋ የአገር ልብስ ለብሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አልተቆጡኝም። "ልጄ፣ መኪናችን ደኅና ነበረች እኮ" አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ምን ነበር ጥፋቴ? አልለካሁም። ያ ቴስታታ ከእኔ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ተላጭቷል። እኔ ደግሞ ደገምኩት። ተማሪዎች፣ ጻፉልኝ። ሲሊንደሩ 404 ሲሲ ተኩል ብለናል። ኮምፕሬሽኑ 7.4 ለ1 እንዲሆን ከላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ 63 ሲሲ ገደማ መሆን አለበት። 8.3 ለ1 ከፈለጋችሁ 55 ሲሲ ተኩል ገደማ። ልዩነቱ 8 ሲሲ እንኳ አይሞላም። አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል! በዓይን የሚታይ ነገር ነው? አይደለም። በሲሪንጅ ነው የሚለካው። ከፋርማሲ የሚገዛ ሲሪንጅ፣ ትንሽ ቀጭን ዘይት፣ አንድ ቁራጭ መስታወት። ይኼው ነው። ሐረር ቀጭን አየር ላይ ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን ዝም ሊላችሁ ይችላል። ድሬ ስትወርዱ፣ በግንቦት ቀትር፣ ማንኳኳት ይጀምራል። ያ ማንኳኳት ፒስቶኑን በመዶሻ እንደመምታት ነው።

ሌላም ያልለካሁት ነበር። ካሚቻው ከብሎኩ ፊት በመቶኛ ሚሊሜትር ከፍ ማለት አለበት። ያቺ ከፍታ ናት ጓርኒሲዮኑን የምትጨብጠው። አራቱም እኩል መሆን አለባቸው። ከሥር ባለችው ስስ ቀለበት ነው የሚስተካከለው። ማንም ይቸኩል፣ ባለቤቱ ይጩህ፣ ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ ይኼን ሳትለኩ ቴስታታ አትግጠሙ። አትግጠሙ!

ፔጆ ራሱ ጉልበት ሲፈልግ ምን እንዳደረገ እዩ። ቤንዚን በፓምፕ የሚረጭ 404 ሠራ። ከ72 ፈረስ ጉልበት ወደ 85፣ በኋላም ወደ 96 አደረሰው። ፓምፑን ለጥፎ አላቆመም። ኮምፕሬሽኑን ወደ 8.8 አወጣ፣ ካምሻፍቱንም ቀየረ። አንዱን ሲነካ ሌላውን አብሮ ነካ። እኛ ግን አንዷን ካርቡራተር ብቻ ቀይረን ተአምር እንጠብቃለን።

እውነት ጉልበት የሚያስፈልጋችሁ ካላችሁ፣ እኔ የምመክረው የፔጆ 504ን 1,796 ሲሲ ሞተር ነው። የአንድ ቤት ልጅ ነው። ስፋቱ ያው 84 ነው፣ ምቱ ወደ 81 ረዝሟል። ሳይጋልብ ከዝቅተኛ ዙር ይጎትታል። ለዳገታችን የሚሆነው ደግሞ እሱ ነው። ግን ከእሱ በፊት ብሬኩን ሥሩ። የቆዩት 404ቶች አራቱም እግር ላይ ከበሮ ነው ያለው። የኋላውንም ዲፈረንሻል አስቡበት፣ ጥርሱ ብሮንዝ ነው፣ ያገኛችሁትን የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት አትጨምሩበት፣ ይበላዋል።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። ቅደም ተከተሉን ከነገርኳችሁ ታውቁታላችሁ። ከማርሚታ በፊት መለኪያ ግዙ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ማለት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብዙ ሰው ወደ አሮጌ መኪናው ተመልሷል። ባለፈው ወር አንድ ሐጂ ከፈረስ መጋላ መጡልኝ። እዚህ አሉ፣ ከኋላ ተቀምጠዋል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ሐጂ። 404ዋን ከአባታቸው ነው የወረሷት። "ሐጂ፣ ሞተሯ ሲከፈት ምን ልጨምርላት?" አልኳቸው። ካርቡራተር ሊሉኝ ነው ብዬ ብዕር አዘጋጅቻለሁ። ትንሽ አሰቡና፣ "ልጄ፣ ዕድሜ ጨምርላት" አሉኝ።

ቴስታታዋ ያውላችሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ናት። ከዛሬ በፊት ማንም አልለካትም። ሲሪንጅም፣ መስታወትም ይዣለሁ። ወንበራችሁን ይዛችሁ ወደዚህ ቅረቡ። ሐጂ፣ እርስዎ ከፊት ይቀመጡ። አንተ ወንድሜ፣ አዎ አንተ፣ ባለ ቀይ ሹራብ፣ ና መስታወቱን ያዝልኝ። ዘይቱን እኔ አፈሳለሁ፣ ሲሞላ ቁጥሩን ጮክ ብለህ ታነባለህ።